የእናታችን ኩባያ ስንት ግራም ይይዛል?

ለምወድሽም ለምቀናብሽም ታናሽ እህቴ፤

እንዴት ሰነበትሽ? እማዬ እንዴት ናት፣ ጉልበቷ ተሻላት? አባዬንስ ሳሉ ለቀቀው? ባለቤትሽና ልጆቹ፣ ያቺ ጥርስ ታበቅል የነበረችው ትንሿም ጭምር፣ ደህና ናቸው? እኔ ቀኑን ሙሉ በመቆም እግሬ ከማበጡ በቀር ደህና ነኝ።

እማዬ ያንን እጀታው የተሰበረ ኩባያዋን ለአንቺ እንደሰጠችሽ ከአክስታችን ሰማሁ። አንቺ ግን ትንፍሽ አላልሽም። አክስታችን ደግሞ በቁስሌ ላይ እንጨት ስትሰድ «የሷ ኬክ ከእናቷ አይለይም» ብላ ጨመረችልኝ። ደስ አለኝ ልልሽ ነበር፤ ግን ለማን ብዬ እዋሻለሁ? በቅናት ድብን ነው ያልኩት። ታላቋ እኔ፣ ጋጋሪዋ እኔ፣ ኩባያው ላንቺ።

ይህ የቆጨኝ ያለ ነገር አይደለም። የዳቦ ቤቱ ባለቤት «የእናትሽን ኬክ ጋግረሽ አሳይኝ፣ ከወደድኩት መሸጫው መስታወት ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፣ አንቺንም ከዳቦው ወደ ኬክ ክፍል አዛውርሻለሁ» ብሎኛል። እዚህ ሁሉም ነገር በሚዛን ነው። እማዬ የምታውቀው ደግሞ አራት ኩባያ ዱቄት፣ ሁለት ኩባያ ስኳር ነው። በስልክ ስንት ግራም ይሆናል ብላት «እስኪበቃው» አለችኝ። ኩባያውን መዝኚልኝ ብዬ የለመንኩሽም ለዚህ ነበር።

አንቺም ሁለት መቶ ሃምሳ ግራም ይይዛል ብለሽ ላክሽልኝ። አምኜሽ ለአራት ኩባያ ዱቄት አንድ ኪሎ መዘንኩ። የወጣው ነገር ቢላ አይገባውም። ሊጥ የሚያቦካው ባልደረባዬ አንስቶ አንኳኳውና «ቤቶች!» ብሎ ተጣራ። ሁሉም ሳቁ።

እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሆን ብለሽ ያደረግሽው መሰለኝ። «ሙያው ለብቻዋ እንዲቀርላት ነው» አልኩ በልቤ። ኋላ ባለቤቱ አንድ ኩባያ አምጥቶ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ዱቄት፣ ከዚያም ስኳር ሞልቶ መዘነልኝ። ውሃው ሁለት መቶ ሃምሳ፣ ዱቄቱ መቶ ሠላሳ፣ ስኳሩ ደግሞ ሁለት መቶ ሆነ። ኩባያው አንድ፣ ክብደቱ ግን የየራሱ ነው። ለካ አንቺ የመዘንሽው በውሃ ኖሯል፤ የሰፈራችን ባለሱቅ ሚዛን ላይ ዱቄት እንዳይደፋ ብለሽ ይሆናል።

በመቶ ሠላሳ ደግሜ ጋገርኩ። አሁን ደግሞ መሃሉ ሰመጠ። ባለቤቱ «እናትሽ ኩባያውን ስትሞላ በወንፊት ነፍታ ነው ወይስ ጠቅጥቃ? ዱቄት ሲጠቀጠቅ እኮ ይከብዳል» አለኝ። እማዬ ዱቄት ስትሰፍር እኔ ሁልጊዜ ሱቅ እላክ ነበር። በርጩማ ላይ ቆመሽ እጇን የምታዪው አንቺ ነበርሽ። የምቀናው በኩባያው እንዳይመስልሽ፤ በዚያች በርጩማ ነው።

እንግዲህ እህት ዓለም፣ ባለሱቁ አስቀድሞ ባዶውን ኩባያ ይመዝንልሽ፤ ከዚያ በዱቄት፣ ቀጥሎ በስኳር አስመዝኚልኝ። እማዬ ራሷ ትሙላው፣ አንቺ እንዳትነኪው ብዬ ጽፌ ነበር፤ ከላይ የተሰረዘው እሱ ነው። ኩባያውን የሰጠችሽ እጇ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ መሆኑን አክስታችን ነግራኛለች። የእማዬ አሰፋፈር አሁን ያለው አንቺ እጅ ላይ ነው። እንደለመድሽው ሙዪው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። አባዬን ሳሉ ሳይለቀው ውጭ እንዳይቀመጥ ንገሪው። ባለቤትሽን ሰላም በዪልኝ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ። አክስታችንንም ሰላም በያት፤ ወሬዋን ግን ታሳጥር። ኩባያውንም አደራ፣ ከእጅሽ እንዳይወድቅ።

የማትሸነግልሽ እህትሽ

ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ዱቄት ከሚከመርበት ክፍል
ሐሙስ፣ ጥር ፱ ቀን