ከሁለት መቶ አንዷ

ኖቬምበር 19

የሦስተኛ ክፍልን የሒሳብ ደብተር አርሜ ጨረስኩ። ሠላሳ አንድ ደብተር። ሃያዎቹ ማካፈል አልገባቸውም... ጥፋቱ የእነሱ ነው የኔ? እግሬ አብጧል። እርግዝናዬ ሰባት ወር አለፈው። ባሌ ፉቮንግ ከወንዝ ሁለት ዓሣ ይዞ መጣ፤ አማቴ ጠበሱት፤ በላን። ሙክ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቀረ ብላ አስደነገጠችን። ለካ ውሸቷን ነው። ገና በአራት ዓመቷ ተዋናይ ሆነችብን።

ነገ ወንዙን ተሻግሬ ሆስፒታል ቀጠሮ አለኝ። ስለሱ ማሰብ አልፈልግም።

ኖቬምበር 20

ዶክተር ቪላይ የድሮ ወረቀቶቼን አገላብጣ አየች። ሙክን በቀዶ ሕክምና የወለድኩት በመቀመጫዋ ስለመጣች ነበር። ያሁኑ ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጓል።

"የተቆረጥሽው ከታች፣ አግድም ነው። አራት ዓመትም አልፎታል። ከፈለግሽ አምጠሽ ለመውለድ መሞከር ትችያለሽ" አለችኝ።

ከፈለግሽ... አራት ዓመት ሙሉ ሌላ ምን ስፈልግ ኖርኩ?

"አደጋ የለውም?"

"አለው። ማኅፀንሽ ላይ ያለው ጠባሳ በምጡ ሊቀደድ ይችላል። ከሁለት መቶ ሴት አንዷን ቢያጋጥማት ነው። ስለዚህ እዚህ ነው የምትወልጂው፣ የቀዶ ሕክምናው ክፍል አጠገብ። ምጡ እንደጀመረሽ ትመጫለሽ። ቤት አትቆዪም። ገባሽ?"

ገባኝ አልኩ። ጀልባው ላይ ሆኜ ግን ጆሮዬ ውስጥ የቀረው "ሊቀደድ" የሚለው ብቻ ነበር።

ኖቬምበር 21

ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ተማሪዎቹን ቆጠርኳቸው። ሁለት መቶ ስድስት ናቸው። ስድስቱን ተውኩ። ከሁለት መቶ አንዷ... የትኛዋ? ከኋላ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር የምታስረው? እሷ ብትሆንስ? ሁለት መቶ ሲባል ብዙ መስሎኝ ነበር። ሜዳ ላይ ሲሰለፍ ትንሽ ነው። የሁሉንም ስም አውቃለሁ።

ኖቬምበር 24

ፉቮንግ ለእናቱ ነገራቸው። "ዘንድሮ በተፈጥሮ መንገድ ትወልዳለች አለች ዶክተሯ።"

አማቴ ሩዙን እያገላበጡ ነበር። እጃቸው ቆመ። "ታዲያ ድናለቻ!" አሉ። ወዲያው ደግሞ፣ "በል እንጨት ቁረጥ።"

እንጨት... ሙክን ስወልድ እንደ መንደሩ አራስ ሁሉ ከሥሩ ፍም በሚደረግበት አልጋ፣ እሳት ላይ፣ አልተኛሁም። ቁስሉ ይመረቅዛል ብለው ሐኪሞቹ ከለከሉኝ። የቀርከሃው አልጋ ተሠርቶ፣ ለፍሙ የሚሆነው እንጨት ተቆርጦ፣ እንዲሁ ቀረ። በእንጨቱ ሩዝ ተቀቀለበት። ከዚያ ወዲህ ራሴን ካመመኝ እሳት ላይ ስላልተኛሁ ነው። ወተቴ ካነሰ፣ ስላልተኛሁ ነው። ሙክ ስታስነጥስ እንኳ፣ "እናቷ ሳትበስል ተነሥታ!" ውኃ መቅጃው ጋ ሴቶቹ "ጥሬዋ መምህርት" ይሉኛል፣ እየሳቁ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ምን ላድርግ?

እንደነሱ አሥራ አምስት ቀን ፍም ላይ ተኝቼ ላብ በላብ መሆን... ለዚያ ብዬ ነው የምቀደደው?

ዲሴምበር 3

እንጨቱ ደረጃው ሥር ተከመረ። ያላየው የለም። ጎረቤታችን ኬሶን፣ "መምህርት፣ ዘንድሮስ ልትበስዪ ነው?" አለችኝ።

"አትቸኩዪ፣ ድስቱ ገና አልተጣደም" አልኳት። ሳቀች። ብብቴ በላብ ረጥቧል።

ዲሴምበር 9

ጠባሳው አሳከከኝ። ማሳከኩ ጥሩ ነው መጥፎ? ማንን ልጠይቅ...

ዲሴምበር 17

ከትምህርት ቤት ስመለስ የኋለኛው ክፍል ማገር ላይ አዲስ ገመድ ተንጠልጥሏል። አሮጊቷ አዋላጅ ቱም ከሥሩ ቁጭ ብላ ጥርስ የሚያቀላውን ቅጠሏን ታመነዥካለች። "ነይ ልጄ፣ ስታምጪ የምትስቢው ነው፣ ያዢው። ለቁመትሽ ይሆን እንደሆን ልየው።"

በሩን ይዤ ቆምኩ።

"እማማ፣ እኔ እኮ የምወልደው ሆስፒታል ነው" አልኳቸው አማቴን።

"በተፈጥሮ ነው አላላችሁም?"

"በተፈጥሮ ነው። ግን እዚያ።"

"በተፈጥሮ ከሆነ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? ሰባት ልጅ የወለድኩት እዚሁ ወለል ላይ ነው። ሆስፒታል ለሚቆረጥ ሰው ነው።"

ጠባሳው ሊቀደድ ይችላል ማለት ፈለግሁ። ቃሉ ከአፌ አልወጣም። "ዶክተሯ ናት ያለችው" አልኩ ብቻ። ፉቮንግ የእግሩን ጣቶች ያያል። ይሄ ሰው ከሁሉም ጋር ይስማማል። ከእናቱም፣ ከኔም፣ ከዶክተሯም። እንዴት ነው ከሦስታችንም ጋር የሚስማማው?

ለምን አልነገርኳቸውም? ጥሬ ተብያለሁ። ፈሪም ልባል?

ዲሴምበር 23

ክትትል ነበረኝ። አዋላጇ ቫንማላ ሆዴን እየለካች፣ "ምን ያስፈራሻል?" አለችኝ።

"ምንም።"

"እኔን የሚያስፈሩኝ ምንም የሚሉት ናቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።"

ሁለት ነገር አስጠናችኝ። ምጡ ሲያልፍ አብሮ የማያልፍ ሕመም። ደም። "አንዱን ካየሽ ትጮኺያለሽ። ይሉኝታ የለም።" እንደ ተማሪ ደገምኩላት።

ገመዱ አሁንም እንደተንጠለጠለ ነው። ሙክ ዥዋዥዌ ልትጫወትበት ስትል አማቴ በሷ ሳቢያ እኔን ተቆጡኝ።

ጃንዋሪ 2

ይቅር፣ ቁረጡኝ ብልስ? አንድ ቃል ነው። ዶክተሯ ቀን ትሰጠኛለች፣ ሄጄ እተኛለሁ፣ አለቀ።

ግን ያንንም እፈራለሁ። ያን ጊዜ ጥርሴ እስኪንገጫገጭ ድረስ ነበር የተንቀጠቀጥኩት። ሙክ ከመጋረጃው ማዶ ስታለቅስ የሌላ ሰው ልጅ መስላኝ ነበር። ከዚያ አንድ ወር ጎንበስ ብዬ ሄድኩ።

ወዲህም ፍርሃት፣ ወዲያም ፍርሃት። የሚቀለው የቱ እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ...

ጃንዋሪ 7

ፉቮንግ ጀልባ የሚቀዝፍልንን አጎት ሊትን አነጋገረው። "በማንኛውም ሰዓት ጥሩኝ ብሏል።" ተመስገን። አንድ ነገር ሠራ።

ማታ በእራት ላይ አማቴ፣ "ቱምም በማንኛውም ሰዓት ጥሩኝ ብላለች" አሉ። ሩዙን እየጠቀለልን በላን።

ጃንዋሪ 11

ሦስተኛ ቀኑ ጭጋግ ነው። እስከ ረፋድ ድረስ ወንዙ አይታይም። ጭጋግ ባለበት ጠዋት ቢጀምረኝስ?

ጃንዋሪ 13

ጎህ ሲቀድ ጀመረኝ። በየአሥር ደቂቃው። ደጅ ወጥቼ አየሁ... ወንዙ የለም። ነጭ ብቻ።

ጃንዋሪ 15፣ ሆስፒታል

አሁን እጄ መጻፍ ቻለ። ሳልረሳው ልጻፈው።

ፉቮንግ ደግፎኝ ወንዙ ዳር ደረስን። አማቴ ከኋላ ተከትለውናል። አጎት ሊት ጀልባውን አስሮ ቆሟል።

"የገዛ አፍንጫዬን አላየውም፣ ወዴት ልሂድ? አሸዋ የሚጭኑት ጀልባዎች ይጨፈልቁናል። ጭጋጉ ይገለጥ።"

"መቼ ነው የሚገለጠው?"

"እሱን ጠይቂው" አለ ወደ ላይ እያሳየ።

"አየሽ፣ ወንዙም ቅሪ አለሽ" አሉ አማቴ። "ቱም ውኃ ጥዳለች። ነይ ወደ ቤት።"

ፉቮንግን አየሁት። እናቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ጭጋጉን አየ። ምጡ መጣ። የማሰሪያውን እንጨት አቅፌ ቆየሁ። ሲያልፍ ሕመሙ ሁሉ አለፈ? አለፈ መሰለኝ... ትንሽ የቀረ ነገር ያለም መሰለኝ... አላወቅሁም።

"እማማ፣ ፈራሁ" አልኩ። ጮክ ብዬ። "ጠባሳዬ ከውስጥ እንዳይቀደድ ፈራሁ። እቤት ከተቀደደ እኔም ልጁም እናልቃለን። ከኖቬምበር ጀምሮ እየፈራሁ ነው። እባክዎ።"

አጎት ሊትም ሰማ። ፉቮንግም ሰማ፤ አፉን ከፍቶ ቀረ። ለሱም ነግሬው አላውቅም ነበር።

አማቴ ፊታቸው አመድ መሰለ። ዞረው ወደ ቤት ሄዱ። ተቀየሙኝ አልኩ። ይቀየሙ። ሳልጠየቅ ጀልባው ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ፉቮንግም ከጎኔ ተቀመጠ። አጎት ሊት ራሱን አከከ። "መምህርት፣ ውረጂ" አለ። አልወርድም አልኩ።

አማቴ ሲመለሱ የትልቁን ድስት ክዳንና የብረት ጭልፋ ይዘዋል። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ገቡና ከፊት፣ ጫፉ ላይ ቁጭ አሉ። "ቀስ ብለህ ቅዘፍ፣ አንተ ሊት። ጀልባዎቹን እኔ አሰማቸዋለሁ" አሉና ክዳኑን ይደበድቡት ጀመር። ኳ! ኳ! ኳ! ወንዙን ሙሉ እንደዚያ። ጥርሳቸውን ነክሰዋል። ወደ ውኃው አንድ ጊዜም አላዩም፣ አላቆሙምም። መሐል ላይ ሞተር ሰማን። ቀረበ። ሊት መቅዘፊያውን ለቀቀ። ያኔ አበቃልን ብያለሁ።

"ማነው ይሄ እብድ?" አለ ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ድምፅ።

"ምጥ ነው! ዘወር በል!" አሉ አማቴ። ዘወር አለ። ማዕበሉ ብቻ መጥቶ ነቀነቀን።

ሆስፒታል ስንደርስ ቫንማላ ተረኛ ነበረች። እጇን እንደ ሕፃን ያዝኩ። "ምን ያስፈራሻል?" አለችኝ ደግማ። ሁሉንም ነገርኳት፣ በምጥ መሐል፣ እየቆራረጥኩ። በየጊዜው ጠባሳው ላይ ጫን ትላለች። "አሁን ያምሻል? አሁንስ?" የልጁ ልብ በመሣሪያው ቱክ ቱክ ይላል። እሱን ብቻ አዳመጥኩ። አንድ ጊዜ ቀነሰ። ቱክ... ቱክ... ዶክተር ቪላይ ገባች፣ ማዶ ያለው የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ተከፈተ፣ በጎኔ ገለበጡኝ። ቁረጡኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ቪላይ ጣቷን ወደ ላይ አድርጋ ትቆጥራለች። ዓይኗን አየሁ። እኔ ነኝ አንዷ፣ አልኩ በልቤ።

ተመለሰ። ቱክ ቱክ ቱክ።

"አንድ ጊዜ ከደገመ እንገባለን" አለች ቪላይ። አልደገመም። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ግፊ፣ አትግፊ፣ ግፊ ነው። ከቀኑ አምስት ሰዓት ከሃያ ተገላገልኩ። ሴት ናት። ሦስት ኪሎ። ወዲያው ደረቴ ላይ አስቀመጧት። እርጥብ ናት፣ ትሞቃለች፣ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። ስሟን ዳላ አልናት።

አማቴ ኮሪደሩ ላይ ክዳኑን እንደታቀፉ ነበሩ። ጥበቃው ልቀበልዎ ቢላቸው እምቢ ብለዋል።

ጃንዋሪ 19

ቤት። እሳት ላይ ተኛሁ። ቫንማላ ሞቅ ይበል እንጂ አይንደድ ብላለች፤ አማቴ ደግሞ "ሐኪሟ ያለችው" እያሉ በየአሥር ደቂቃው ፍሙን ይቀንሳሉ። ኬሶን ፍም ልትጨምር ስትል በጭልፋ አባረሯት።

አራት ዓመት የተመኘሁት ይሄ ነው? ጭሱ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ ጀርባዬ ያሳክከኛል፣ የሚያጠጡኝ የሥራሥር ፍል ውኃ ይመራል። "ከዚህስ ጥሬነት ይሻላል" ስላቸው ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ።

ጃንዋሪ 24

ዛሬ ቀን ላይ ሰው አልነበረም። ፉቮንግ ሙክን ይዟት ወደ ወንዝ ወርዷል። አማቴ አጠገቤ ቁጭ ብለው ጨርቅ ያጥፋሉ። ድንገት፣ ቀና ሳይሉ፣ እንዲህ አሉኝ።

"ታናሽ እህት ነበረችኝ። ስትወልድ ደም በዛባትና ጀልባ ላይ አወጣኋት። እኔ ነኝ ያወጣኋት። ማዶ ሳንደርስ እጄ ላይ አለፈች። ከዚያ ወዲህ ለወሊድ የሚሻገር ሰው ሳይ እሷን ያየሁ ይመስለኛል። አንቺ እዚህ ከወለድሽ ዓይኔ ሥር ነሽ፣ ወንዙ አይወስድሽም ብዬ ነው ገመዱን ያሰቀልኩት።"

እኔ ንቀት መስሎኝ ነበር! ጥሬ ስለሆንኩ፣ ልታረም...

"እማማ፣ ለምን አልነገሩኝም?"

"አንቺስ?"

አራት ዓመት ከአንድ ቅርጫት ሩዝ በልተናል።

ዳላ አጠገቤ ተኝታ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ስትተነፍስ ድምፅ ታሰማለች፤ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። "እማማ፣ ትንፋሿ ስር ስር ይላል። ፈራሁ" አልኳቸው።

ጨርቁን ጣሉት። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አዳመጥን። ጭንቅላታችን ተነካካ።

"አፍንጫዋ ነው የደረቀው" አሉ። "እኔም ጠዋት ሰምቼ ፈርቼ ነበር።"

ሌላም ሌላም ነገርኳቸው። እሳቸውም ነገሩኝ። አሁን ይህን ደብተር ከፍቼ፣ ለሱ ብቻ የምጽፈው አጣሁ።