ፋናን ያሳበጣት ክኒን

ልጄ ባምላክ፣ ኪዳነ ምሕረት በሰው አገር ጥላ ከለላ ትሁንህ። እኛ ደህና ነን፤ ድንቹም ደርሷል።

እህትህ ፋና ግን ታማ ነበር። የአዘና ከተማው መድኃኒት ሻጭ፣ ደሞዝ የሚባለው፣ «ያወፍርሻል» እያለ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ክኒን ሲሰጣት ከርሞ ፊቷ አበጠ፤ ስኳሯም ወጣ። እንጅባራ ወሰድኳት። ሐኪሟ፣ «ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ሆርሞን የሚመስል መድኃኒት ነው። ለአስምና ለቁርጥማት በልክ ሲታዘዝ ይረዳል። አሁን በድንገት ብታቆመው ሕይወቷን ያሰጋታል፤ ቀስ በቀስ እንቀንሰዋለን» አለችኝ። እየተሻላት ነው።

ደሞዝ ሽማግሌ ላከብኝ። «ልጄ ሰው እንዳያያት በነጠላ ስትሸፈን የት ነበራችሁ?» ብዬ መለስኳቸው። ከስሼዋለሁ። ሱቁ ታሽጓል፤ እስር ቤት ሲገባ ካላየሁ ግን አንጀቴ አይርስም።

ዕድሜህን ያርዝምልኝ። አደራህን፣ ለፋሲካ መጥተህ፣ ፊቷ ሳያብጥ ያነሳሃትን ፎቶ ላክልኝ። ዳኛው ፊት እሷን አጠገቤ አቁሜ፣ ፎቶውን ለደሞዝ አሳየዋለሁ።

እናትህ እታለማሁ