ጉልበቴ ላይ ያረፈው መዳፍ

አስካልዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ስለ ጤና ይጠየቃል። ግንባር እያለሁ ስጽፍልሽ ግማሹን ወረቀት በሰላምታ እጨርሰው ነበር፤ አንቺም «ሰላምታህን ቀንሰህ ወሬ ጨምርበት» ብለሽ መልሰሽ ጻፍሽልኝ። ዛሬ ምን ብዬ ልጠይቅሽ? አንቺን ሕመሙ ከተወሽ ሰባት ወር አለፈው። ስለዚህ የኔን ልንገርሽ፤ እኔ ደህና አይደለሁም። ሰው ሲጠይቀኝ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። ላንቺ ግን ዋሽቼ አላውቅም፣ አሁንም አልጀምርም።

ድንኳኑ ተነቀለ፣ አርባሽም ሰማንያሽም ወጣ። የጎፋ ሰው ክፉ አይደለም፤ እስከ ሰማንያው ድረስ ቤቴ ሰው አልጠፋበትም። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደየጣጣው ተመለሰ፣ አይፈረድበትም። አሁን ቤቱ ውስጥ ከኔ ሌላ የሚንቀሳቀስ የለም። ራዲዮኑን እከፍተዋለሁ። የሚያወራውን አልሰማም፤ ብቻ ያቺ ቀይ መብራቱ ስትበራ ሰው ያለ ይመስለኛል። የአልጋውን ያንቺን ወገን አልነካሁትም። ከግድግዳው ጋር ተጣብቄ ነው የማድረው፣ እዚያው እንዳለሽ።

ልጃችን ሰናይት እሑድ እሑድ ከሳሪስ ትመጣለች። ልብሴን ታጥባለች፣ ወጥ ሠርታልኝ ትሄዳለች። ስትሠራ ጀርባዋን ሰጥታኝ ታወራለች። እኔ ደግሞ ከንፈሯን ካላየሁ የምትለውን አላውቅም፤ እንደ ልማዴ «እሺ» እላለሁ። እሺ ይበልጣል ከሺ ይባል የለ? አንድ ሰኞ ጠዋት ቁም ሣጥኑን ስከፍት ባዶውን ነው። ቀሚሶችሽ፣ ነጠላዎችሽ፣ ለሠርጓ ያሰፋሻት ካባ፣ አንዳቸውም የሉም። ለካ «ለእማዬ ነፍስ ለነዳያን ልስጠው ወይ?» ብላ ስትጠይቀኝ ኖሮ ሦስት ጊዜ እሺ ብያታለሁ። ምን ብዬ ልቆጣ? የተረፈችው ጋራዡ ውስጥ ሚስማር ላይ የተሰቀለችው ሰማያዊ ጋዋንሽ ናት። በዘይት ስለጨቀየች የኔ መወልወያ መስላት ትታታለች።

የጆሮዬን ነገር ግን አልነገርኳትም። ካንቺ በቀር ማንም አያውቅም ነበር። ከጦሩ ጋራዥ፣ ከታንክ ሞተር ሥር ነው ያስቀረሁት። ደርግ ወድቆ ስንበተን፣ ጎፋ መጥቼ ይህችን በቆርቆሮ የታጠረች ጋራዥ ስከፍት፣ ቀጭን ድምፅ ሁሉ ጥሎኝ ሄዶ ነበር። የሞተር ጉርምርምታ በእጄም በመቀመጫዬም ይሰማኛል። ፉጨቱን፣ ሲጥ ሲጥ የሚለውን፣ ያንን መካኒክ እንጀራ የሚበላበትን ድምፅ ግን አላገኘውም።

ምሳ ይዘሽልኝ የመጣሽ ቀን አወቅሽብኝ። አንድ መኪና አስነስቼ ስመለከት «ይኼ ነገር ለምንድነው የሚያፏጨው?» አልሽ። እኔም «የቱ?» አልኩሽ። አተኩረሽ አየሽኝ። ሌላ ሴት ብትሆን ታለቅስ ነበር፣ ወይም ለጎረቤት ታወራ ነበር። አንቺ በማግስቱ ጋዋን ለብሰሽ መጣሽና የመኪናውን በር ከፍተሽ ከጎኔ ተቀመጥሽ፣ በቃ። እየነዳሁ ከንፈርሽን ማየት ስለማልችል መላውን ያመጣሽውም አንቺ ነሽ። ድምፁ በመጣ ቁጥር ጉልበቴን በጣትሽ ታንኳኪኛለሽ። ድምፁ ሲጠፋ መዳፍሽን ዘርግተሽ ታሳርፊበታለሽ። ስንቆም ደግሞ ፊትሽን ወደኔ አዙረሽ ምን እንደሚመስል ትነግሪኛለሽ፤ ሽምብራ ይቆረጥማል፣ ዱቄት ይነፋል፣ ጉንፋን እንደያዘው ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ካንቺ አነጋገር ተነስቼ ኩሽኔታ ይሁን የማርሽ ጥርስ አውቀው ነበር።

ሰፈሩ ምን ብሎ እንደጠራኝ! «ቀናተኛው ባሻ»። ሚስቱን ካላሳፈረ መኪና የማይሞክር፣ ለግማሽ ሰዓት እንኳ ቤት ትቷት የማይወጣ። ወሬው ላፍቶ ድረስ ደርሶ ነበር። አንድ ቀን ተናድጄ እውነቱን ልናገር ስል ያዝሽኝ። «ተው፣ ቀናተኛ ይበሉህ። ለደንቆሮ መካኒክ መኪናውን የሚሰጥ የለም» አልሽኝ። ያልቀናሁትን ቅናት ስትሸከሚልኝ ኖርሽ። ሴቶቹ ከንፈር ሲመጥጡልሽ እንኳ አላስተባበልሽም። በዚህ አንድም ቀን ይቅርታ ጠይቄሽ አላውቅም። ይኸው አሁን ጠየቅሁሽ፣ እንደ ፈሪ ሰው ዘግይቼ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ቀላል ቀላሉን ሥራ ብቻ እየተቀበልኩ ከረምኩ። ፍሬን፣ ጎማ፣ ዘይት መቀየር። ባለፈው ወር ግን አቶ ደቻሳ መጡ። ታውቂያቸዋለሽ፤ ከሀና ማርያም በታች ያሉት ገበሬ፣ ጭድና ሽንኩርት በዚያች አሮጌ ነጭ ፒክ አፕ የሚያመላልሱት። ማርሹ አልገባ ብሏቸዋል። ሁለተኛና ሦስተኛ ሲገባ ይንገጫገጫል፣ የኋላ ማርሽማ ትግል ነው። እኔ ኮፈኑ ሥር አጎንብሼ ሳለሁ ብዙ ነገር ነገሩኝ። እሺ እሺ አልኳቸው።

ምርመራውን በእጄ ጀመርኩ። ሞተሩን አጥፍቼ ማርሹን ሳስገባ ሰተት ብሎ ይገባል። ሞተሩ ሲነሳ እምቢ። ስለዚህ ጣጣው የማርሾቹ አይደለም፤ ፍሪሲዮን ስረግጥ ሞተሩ ካምቢዮውን፣ የማርሾቹን ሳጥን፣ አለቅም ብሎታል ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ አልተሳሳትኩም። የፍሪሲዮኑን መርገጫ ባስተካክለው ለውጥ የለም። ከጎረቤቴ በያጅ ጋር ሆነን ካምቢዮውን አወረድን። የፍሪሲዮኑ ሸራ ሳስቶ አየሁትና እሱ ነው ብዬ ፈረድኩበት። ቀየርኩት፣ መልሼ ገጠምኩት። ለመሞከር ብቻዬን ወጣሁ። መንገዱ ላይ ማርሹ እንደነገሩ ገባልኝ፣ ጉልበቴን የሚያንኳኳ ሰው የለ፤ «አልቋል፣ ውሰዷት» አልኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ጭድ እንደጫኑ ላፍቶ ዳገት ላይ ማርሽ አልገባ አላቸውና መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራታ ቦይ ገባች። ሰው አልተጎዳም፤ ግን ከኋላቸው ሰዎች በእግር ይወጡ ነበር። ይህን ሲነግሩኝ የያዝኩትን ቁልፍ መሬት አስቀመጥኩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ፊት ለፊቴ ቆመው «ባሻ፣ ፍሪሲዮኗ ሲረገጥ ታለቅሳለች ብዬህ አልነበር? እሺ ብለኸኝ አልነበር?» ብቻ አሉኝ። ከንፈራቸውን አነበብኩት። መድኃኒቱን በመጀመሪያው ቀን በአፋቸው ይዘውልኝ መጥተው ነበር፣ እኔ ነኝ በእሺ የቀበርኩት።

ጋራዡን ልዘጋ ወሰንኩ። እቃዬን ሳጥን ውስጥ ከትቼ ሳበቃ ጋዋንሽን ከሚስማሩ ላወርድ ሄድኩ፣ ማውረድ አቃተኝ። ቆሜ አለቀስኩ፣ አስካልዬ። ከዚያ ወጣሁና ደጅ መኪናቸው አጠገብ ለቆሙት ለአቶ ደቻሳ ነገርኳቸው። «ጆሮዬ አይሰማም። ከጦር ሠራዊት ጀምሮ አይሰማም። ትሰማልኝ የነበረችው ሚስቴ ናት» አልኳቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ያ ዋቃዮ! እኛ እኮ ቀንቶባት ነው ስንል!» አሉ። ሳቃቸው መጣ፣ ወዲያው ደግሞ አፈሩ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ። ላንቺ ነው ያወለቁት።

ከጎኔ አስቀመጥኳቸው። ድምፁን ሲሰሙ ጉልበቴን እንዲያንኳኩልኝ ለመንኳቸው። ጣታቸው የዶማ እጀታ ነው፣ ጉልበቴን ሊሰብሩት ነበር። መኪናዋን አቁሜ ሞተሩን አስነሳሁ። ፍሪሲዮኑን በትንሹ ነካ ሳደርገው ምንም የለም። እስከ ወለሉ ረግጬ አንደኛ ማርሽ ሳስገባ አንኳኩ። ማርሹን አውጥቼ እግሬን ሳነሳ ተዉ። ደግሜ ስረግጠው ደግመው አንኳኩ። ምን ይመስላል ብላቸው «ታለቅሳለች አልኩህ እኮ» ከማለት ሌላ አያውቁም፤ አንቺ ብትሆኚ ማን እንደሚያለቅስና ለምን እንደሚያለቅስ ትነግሪኝ ነበር። ግን በቂ ነው። እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ብቻ የሚጮኽ ከሆነ ያቺ ትንሿ ኩሽኔታ ናት፤ ከሞተሩ ጀርባ መሃል ላይ የተቀመጠችው፣ የካምቢዮው ዘንግ ጫፉን የሚያሳርፍባት፣ ከጣት ቀለበት እምብዛም የማትበልጠው። እንደገና አወረድነው። ቅባቷ አልቆ፣ ተቃጥላና ጠቁራ ዘንጉን ጨምድዳ ይዛዋለች። ባለፈው ካምቢዮው ወርዶ ሳለ ከዓይኔ ሥር ነበረች። አላየኋትም።

አሁን የማልወደውን ነገር ልጻፍልሽ። ሆስፒታል የተኛሽ ሰሞን፣ ያቺ የመጨረሻዋ ጠዋት። አልጋሽ አጠገብ ተቀምጬ፣ ለአንድ ሰው ቃል የገባሁበት መኪና እንዳለ ነግሬሽ፣ ልሂድ ልቅር እያልኩ አመነታሁ። ድምፅሽ ደክሟል፤ ከንፈርሽ ደርቆ አልነበብ አለኝ። እጅሽን ከብርድ ልብሱ አወጣሽና መዳፍሽን ጉልበቴ ላይ ዘርግተሽ አሳረፍሽው። ጠፋ ማለትሽ ነው። ሕመሙ ለቀቃት ብዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ፤ ደረጃውን እንደ ጎረምሳ እየዘለልኩ ወረድኩ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ አልደረስኩብሽም።

ሰባት ወር ሙሉ የተቆጣሁሽ በዚህ ነው። አዎ፣ ሙት ላይ ተቆጣሁ። በሰው መኪና አንድም ቀን አሳስተሽኝ አታውቂም፣ በራስሽ ለምን አሳሳትሽኝ? ሥራዬ እንዳይቀርብኝ ብለሽ ዋሸሽኝ? እኔ እኮ አብሬሽ እቀመጥ ነበር።

አዲሷን ኩሽኔታ ገጥመን መኪናዋን ላፍቶ ዳገት ወሰድኳት። አቶ ደቻሳ ከጎኔ ናቸው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፤ ማርሹ ያለ ትግል ገባ። ዳገቱ መሃል ቆሜ ተነሳሁ፣ ሸርተት እንኳ አላለችም። ጉልበቴ ላይ ምንም የለም። እሳቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው መንገዱን ያያሉ፤ ሲመጣ አንኳኩ እንጂ ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ አልነገርኳቸውም ነበር። ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። ባዶ ጉልበቴን ይዤ እስከ ሀና ማርያም ነዳሁ። እዚያ መንገድ ላይ ነው የታሰበኝ፤ ምናልባት አልዋሸሽኝም። ስለ መዳን ሳይሆን ስላንቺ ነበር የነገርሽኝ፤ ላንቺ ጠፍቶልሽ ነበር፣ ሕመሙም ፍርሃቱም። እርግጠኛ አይደለሁም። ግን ያንቺን ምርመራ ተጠራጥሬ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፣ አሁንም አልጠራጠርሽም።

እሑድ ለሰናይት ነገርኳት። መጀመሪያ ተቆጣችኝ፣ ልክ እንዳንቺ። ከዚያ የልብሶችሽ ነገር ትዝ አላት መሰለኝ፣ ወጡን ትታ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አሁን ስታወራኝ ፊቷን ታዞርልኛለች። እኔም ያልሰማሁትን እሺ ላልል ቃል ገብቼላታለሁ፣ ላንቺም እገባልሻለሁ። ጋራዡ አልተዘጋም። ነገሩ ተሰምቶ ሁለት ደንበኞች መኪናቸውን ወስደዋል፤ የቀሩት አብረውኝ ተሳፍረው ያንኳኩልኛል። ከንፈር ይመጥጡልሽ የነበሩት ሴቶችም አንድ ቀን ጋራዡ በር ላይ ቆመው ጋዋንሽን ሲያዩ ነበር። አላጠብኳትም፣ አላጥባትምም።

አንድ ነገር ግን ለማንም አላስተማርኩም። ድምፁ ሲጠፋ «ጠፋ» ብለው በእጃቸው ያሳዩኛል፣ ወይም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ባለፈው አንዱ ደንበኛ ደስ ብሎት መዳፉን ጉልበቴ ላይ ሊያሳርፍ ሲል እጁን ገፋሁት። ደነገጠ፣ እኔም ደነገጥኩ። ያ ቦታ ያንቺ ነው፤ እኔ በሕይወት እስካለሁ ሌላ እጅ አያርፍበትም። የጎፋ ሰው እውነቱን ነው፣ አስካልዬ። ቀድሞ አወቀው እንጂ አልተሳሳተም።

ቀናተኛው ባልሽ