ያልፈረምኩት ወረቀት

ጥሩዬ፣

ከተለየሽኝ ዛሬ ሰባት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። ቀኑን ሳይቀር መቁጠሬን ብትሰሚ እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ። ካርቲየ አንድ ሰፈር፣ እዚያው ቤታችን ነኝ። ቬንቲላተሩ ተቃጥሎ ሌላ ገዛሁ፤ አዲሱ ይጮኻል። ሶማሌዋ ጎረቤታችን አሁንም ጠዋት ጠዋት በሬን አንኳኩታ ደህና ማደሬን ታያለች።

ይህን የምጽፍልሽ ግን ተናድጄ ነው። ዶራሌ ወደብ ጭነት ለሚጠብቁት ሾፌሮች ዓርብ ዓርብ ታስተምሪ የነበረውን የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ፣ አንቺ ካረፍሽ በኋላ እኔ ይዤው ነበር። ቀስ እያልን፣ ምዕራፍ ሳንዘል፣ እንደ ልማዴ። ባለፈው ሳምንት የጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች ወረቀት ይዘው መጡ። የሚያስተምር ሁሉ፣ መጽሐፉ በአንዲት ፊደል እንኳ ስህተት የለበትም ብሎ ይፈርም ተባለ። ስለ ንጉሥ ዮአኪን ጠየቅኳቸው። ሲነግሥ ዕድሜው፣ በእጃችን ባለው ትርጉም፣ በመጽሐፈ ነገሥት አሥራ ስምንት፣ በዜና መዋዕል ስምንት ነው። የገልባጭ ስህተት ነው፣ የመጀመሪያው ጽሑፍ ንጹሕ ነበር አሉኝ። የመጀመሪያው የት አለ ብላቸው፣ «ጋሼ፣ እባክዎ ሾፌሮቹን አያደናግሩብን!» አሉኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሒሳብ ተማሪዎቼን አሠራሩን ሳታሳዩ መልስ አትጻፉ ስል ኖሬ፣ ዛሬ እኔ ልጽፍ?

ጥያቄውን አንቺም ታውቂዋለሽ። መጽሐፉ እንከን እንደሌለው ታምኚ ነበር። በገዛ መጽሐፍሽ ላይ፣ ይህንኑ ቁጥር እንደ ተማሪ ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ያደረግኩ ጊዜ ሦስት ቀን ዘጋሽኝ። እኔ ሦስቱንም ቀን ብቻዬን ስከራከር ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን ሽንኩርት እየከተፍሽ፣ «ቲቸር፣ ስህተት ስትፈልግ ከኔ አብልጠህ አነበብከው እኮ!» ብለሽ ሳቅሽ። ይቅርታ አልጠየቅኩሽም። ቁጥሩን ልክ ካገኘሁ ይቅርታ የማያስፈልግ መስሎኝ ነበር። አሁን እጠይቅሻለሁ፤ ስለ ቁጥሩ ሳይሆን ስለ እስክሪብቶው።

ከሁሉ ያቃጠለኝ፣ ሲወጡ ከበሩ ላይ «ጥሩወርቅ ብትኖር ትፈርም ነበር» ማለታቸው ነው። እውነታቸውን ነው፣ ሳታመነቺ ትፈርሚ ነበር። እኔም እኮ አምናለሁ። አንቺ በታመምሽበት ጊዜ ከዚያ መጽሐፍ ሌላ የምይዘው ነገር አልነበረኝም። ወረቀቱ ግን ይህን አይጠይቅም። ሳልፈርም መለስኩላቸው። ከነገ ወዲያ ዓርብ ሌላ ሰው ያስተምራል፤ እኔ ከሾፌሮቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። ምዕራፍ ሲዘል ዝም ማለት መቻሌን እንጃ።

ጥሩዬ፣ ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር፣ እንደዚያ እያመንሽ፣ እያዘንሽብኝም ጭምር፣ አንድም ቀን ፈርምልኝ አላልሽኝም። አንቺ ወዳለሽበት እስክመጣ ድረስ የማስታውስሽ በዚህ ነው።

ባለቤትሽ