እንደ ኮሶ የጠጣሁት የህንድ ዱቄት

ሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 1988

የጉርዴ ቁልፍ ዛሬም አልደርስ አለኝ። በመርፌ ቁልፍ አያይዤ ሹራብ ደረብኩበት። ጠዋት ደህና ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ ሆዴ ይወጠራል፤ ማታ ጎንበስ ብዬ የሚስተር ሃሮልድን ጫማ ማውለቅ ያቅተኛል።

ዛሬ የበላሁት፦ ከእሳቸው የተረፈ የቆርቆሮ ባቄላ፣ ዳቦ በአይብ፣ ቡና ሦስት ጊዜ። ሁሉንም በቆምኩበት።

ምክንያቱ አይጠፋኝም። ሽንት ቤት በፈለግሁ ሰዓት አልሄድም፤ እይዘዋለሁ። ሚስተር ሃሮልድ ሐምሌ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ብቻቸውን መነሳት የለባቸውም፤ እሳቸው ግን ይህን ይረሱታል። ልጃቸው ሊንዳ ስትቀጥረኝ፣ እዚሁ ሳሎን ውስጥ፣ እሳቸው እየሰሙ፣ "ዳዲ ደግሞ አንድ ጊዜ ከወደቀ ነርሲንግ ሆም ይገባል፤ ቤቱንም እሸጠዋለሁ" አለችኝ። ነርሲንግ ሆም የምትለው የሽማግሌ መጦሪያውን ነው። ቤቱ ከተሸጠ የእኔም መኝታና እንጀራ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ እሳቸው ከወንበራቸው፣ እኔ ከእሳቸው አንላቀቅም። ታኮማ አጠገብ ወዳለችው የባሕር ዳር ከተማ ዴ ሞይን ከመጣሁ ወዲህ ባሕሩን የማየው በወጥ ቤቱ መስኮት ነው፤ እሱም ዝናቡ ጋብ ሲል። የእረፍት ቀኔ በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ ነው። እሑድ ክሊኒኩ ዝግ ነው።

ማታ "ሆድሽ የጀልባ ጥሩምባ ይነፋል" አሉኝ። ዕድሜያቸውን በሙሉ የጀልባ መካኒክ ነበሩ።

ማክሰኞ

ቆሻሻ ላወጣ ስወጣ ጎረቤታችን ሱሺላ አየችኝ። ህንዳዊት ናት፤ እኩያዬ ትሆናለች። እጇን በአጥሩ ላይ ሰድዳ ሆዴን ነካ አደረገችና "ስንት ወርሽ ነው?" አለችኝ።

"ሃምሳ ዓመቴ ነው" አልኳት። እስኪያንቃት ሳቀች።

ገብታ ሁለት ነገር ይዛልኝ ወጣች። አንደኛው ደቃቅ ዘር ነው፤ "አጅዋይን" አለችው። አሸተትኩት፤ ነጭ አዝሙድ! ስንት ዘመን ከቅመም ጋር ስለቅመው የኖርኩትን በሌላ ስም ሰጠችኝ። ከምግብ በኋላ በትንሽ ጨው ማኘክ ነው። ሁለተኛው ቡናማ ዱቄት ነው፤ ትሪፋላ ይባላል፤ ከሦስት ዓይነት የደረቀ ፍሬ የተፈጨ። አዩርቬዳ ከሚሉት ከአያቶቻቸው ሕክምና የመጣ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ በሙቅ ውሃ፣ ከመኝታ በፊት። "ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ አንድ ወር ታገሺው" አለች። ደግሞም ቆሜ እንዳልበላ።

"እሱን ለሚስተር ሃሮልድ ንገሪልኝ" አልኳት። ወዲያው እኔን የሚጠሩበት የእጅ ደወላቸው ተሰማ።

ረቡዕ

አዝሙዱ ይሠራል። ከምሳ በኋላ አገሳሁ። ሚስተር ሃሮልድ "ጀልባው ወደብ ገባ" አሉ።

ዱቄቱ ግን ምንም። ቁልፉ አይደርስም።

የአክስቴ ልጅ ዘነበች ከታኮማ ኮል አደረገች። ነገርኳት።

"ሶ፣ ግማሽ ማንኪያ እየላስሽ ወር ልትጠብቂ? መድኃኒት እንዲህ ነው እንዴ? እንደ ኮሶ በጥብጠሽ አንዴ ገልብጪውና ተገላገዪ! ሊንዳ ቅዳሜ ስትመጣ ይህን ሆድ ካየች ሽማግሌውን ነው የምትጠረጥረው።"

ዘነበች አፏ ልጓም የለውም። ነገሩ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣልኝም። እኛ ቤት መድኃኒት ይጠጣል፣ ይሠራል፣ ያበቃል። አባቴ ኮሶ በጠጡ ቀን የመጣ እንግዳ ሁሉ "ኮሶ ጠጥተዋል" ተብሎ ከደጅ ይመለስ ነበር። ቀኑን ሙሉ ማንም አይጠራቸውም፣ ማንም ምንም አይጠይቃቸውም።

የተመኘሁት ዱቄቱን ሳይሆን ያንን ቀን ይመስለኛል።

ሐሙስ

የዛሬው ጉድ ነው። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት የዱቄቱን ግማሽ ከረጢት በብርጭቆ ሙቅ ውሃ በጥብጬ፣ በባዶ ሆዴ፣ አፍንጫዬን ይዤ ጠጣሁት። ሚስተር ሃሮልድ ቁርሳቸውን በልተው ወንበራቸው ላይ እስከ ምሳ ያንቀላፋሉ፤ ያሰብኩት በዚያ መሀል እንዲያልቅልኝ ነበር።

እሳቸው አንቀላፉ። እኔን ያዘኝ። ሮጬ መታጠቢያ ቤት ገባሁ።

ከዚያ ነቅተው ደወሉ።

"መጣሁ!" አልኩ። አልመጣሁም፤ መምጣት አልችልም ነበር። እንደገና ደወሉ። "ሚስተር ሃሮልድ፣ እባክዎ እንዳይነሱ!"

ደወሉ ቆመ። ቀጥሎ የሰማሁት ባለ አራት እግሩ መደገፊያቸው፣ ዎከሩ፣ ወለሉን ሲመታ ነው። ይመታል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይመታል። ኮሪደሩ ላይ ጠርዙ የሚታጠፍ ምንጣፍ አለ። በየጠዋቱ በእግሬ አስተካክለዋለሁ። ዛሬ አላስተካከልኩትም። ልነሳ ሞከርኩ፤ ሆዴ መልሶ አስቀመጠኝ። እንደዚያ ከበር ውስጥ ሆኜ የሰው እርምጃ ሳዳምጥ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

በሩ ተንኳኳ።

"ትሩ፣ ሞተሻል?"

"አልሞትኩም።"

"ታዲያ ምን እየሠራሽ ነው?"

"መድኃኒት ጠጥቼ ነው።"

"የህንዷን?"

"አዎ።"

"ምን ያህል?"

"ብዙ።"

በሩን ተደግፈው ሲስቁ በሩ ተርገፈገፈ።

"አይሳቁ! ይወድቃሉ!"

"ከወደቅሁማ ሁለታችንም ተባረናል" አሉ። ይህን ሲሉ አልሳቁም።

እንደምንም ወጣሁ። ተያይዘን ወንበራቸው ጋ ደረስን፤ ማን ማንን እንደደገፈ አላውቅም። እስከ በሩ ግን ብቻቸውን ነው የመጡት፤ ከሐምሌ ወዲህ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ዓርብ

ስኳርና ጨው ያለበት ውሃ ብቻ። ሚስተር ሃሮልድ በየሰዓቱ "ጠጪ" ይሉኛል።

ሱሺላ ስትሰማ ጭንቅላቷን ያዘች። "ይህን ለፈረስም አይሰጡትም! ግማሽ ማንኪያ አላልኩሽም?" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እብጠቱ ካልቀነሰ ሐኪም ሳልታይ እንዳልቀመጥ ነገረችኝ።

ማታ ሊንዳ ደወለች። ሚስተር ሃሮልድ እንደ ልጅ ደስ እያላቸው "ትናንት እስከ መታጠቢያ ቤት በእግሬ ሄድኩ!" አሏት። እኔ የያዝኩትን ሳህን አስቀመጥኩ።

"ብቻህን?" ስትል ከስልኩ ውስጥ ይሰማል።

አዩኝ። "ትሩ በሩ ጋ ነበረች" አሉ።

ቃል በቃል እውነት ነው። አገር ቤት ጋዜጣ ቤት አራሚ ሳለሁ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ብዙ አሳልፌያለሁ። የሚታረም ስህተት የለበትም፤ አንባቢው ግን ከበሩ በየትኛው ወገን እንደነበርኩ አያውቅም።

ቅዳሜ

ምንጣፉን ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

ሊንዳ ኮቷን ሳታወልቅ "እስቲ አሳየኝ" አለቻቸው። ሚስተር ሃሮልድ ተነሱ። እኔ መታጠቢያ ቤቱ በር ጋ ቆምኩ፤ በውጪ በኩል። ዎከሩ መታ፣ ቆመ፣ መታ። መሀል ላይ አንድ ጊዜ ወደ ጎን ዘንበል ሲሉ ሊንዳ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ አልተነቃነቅሁም፤ ብነቃነቅ የሚወድቁ መሰለኝ። ደረሱ። በሩን እንደ ሐሙሱ አንኳኩና ጠቀሱኝ።

"ኦኬ" አለች ሊንዳ። "ነርሲንግ ሆሙን እስከ ገና እናቆየው።" ከገና በኋላ ስላለው አልተናገረችም።

"እሷንም ሐኪም ይያት" አሉ ሚስተር ሃሮልድ። "ሆዷ ደህና አይደለም።"

ሊንዳ ሹራቤን አየችው። ክሊኒክ እንድሄድ ረቡዕ ከሰዓት መጥታ ልትተካኝ ነው፤ "ከቻልኩ" ብላለች።

እራቴን ተቀምጬ በላሁ። አዝሙድ አኘክሁ። ግማሽ ማንኪያ በሙቅ ውሃ ጠጣሁ። መርፌ ቁልፉ አሁንም ቦታው ላይ ነው።

ከሚስተር ሃሮልድ ጋር ስለ ደወሉ ተስማምተናል። አንድ ጊዜ ከሆነ መጠበቅ ይችላሉ፤ ሁለት ጊዜ ከሆነ አይችሉም። አሁን አንድ ጊዜ ደወሉ። ይህችን መስመር ልጨርስ፤ ሁለተኛውን እያዳመጥኩ ነው።