የቡቲዬ በሮች ቁጥር

ሞያሌ፣ መጋቢት 2006

ለተወደድከው ወንድሜ ጃቢር፣ ሰላምታዬ ናይሮቢ ድረስ መጥቶ በጤና ያግኝህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ቡቲዬን ብታያት አታውቃትም። ልጆች ሆነን ፍየሎቿ ከሰዎቿ የሚበዙ መንደር ነበረች፤ ሞያሌ ልንሄድ ስንል ጫማችንን እናጥብ ነበር። ዛሬ እኛው ሞያሌ ሆነናል። የእሾህ አጥሩ ሁሉ በቆርቆሮ ተተክቷል፤ ሞተር ሳይክል ከደጃችን ያነሳናል። ደስ ይላል።

አሁን የከተማው አስተዳደር ሰዎች በየበሩ በቀይ ቀለም ቁጥር እየጻፉ ነው። ባለቤቱ ራሱ በሩ ላይ ቆሞ ካላገኙት አይጽፉም፤ ቁጥር ያላገኘ ቦታ ለሌላ ይሰጣል። ያንተ ቤት ሲደርሱ፣ ፍየል ሊገዛ ዳበል ገበያ ሄዷል አልኳቸው።

ጸሐፊው ሳቀ። "ማማ፣ ባለፈው ወርም ዳበል ነበር። የዳበል ፍየል አያልቅም እንዴ?"

ጎረቤታችን ሽማግሌው ሀላኬ ደረሱልኝ። "ጠዋት ሲወጣ ሰላም ብሎኛል" አሉት።

ቁጥሩን ሳይጽፉ ሄዱ፤ የከተማው ሰዎች ሐሙስ ይመለሳሉ። ከዚህ በፊት የላክኳቸው አራቱ ደብዳቤዎቼ መንገድ ላይ ዘግይተው ይሆናል፤ ይህችን በከባድ መኪና ሹፌር እጅ ልኬያለሁ። ጫማህንም አጥቤ ደጃፍህ ላይ አስቀምጬዋለሁ። የሚያልፍ ሁሉ ቤት ውስጥ እንዳለህ ያውቃል።

አላህ በሰላም ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እህትህ ኑርሀን