ታርጋ ያልተጻፈላት ኦራል

ጥቅምት 4፣ ጠዋት
ስቱኮው ደርቋል። በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። የፊት መከላከያው ላይ አሁንም ይጎረብጣል፤ ነገ እደግመዋለሁ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ ደብተሬ? መርሳ በታጣቂዎች እጅ ከገባች ወዲህ ጋራዡ ዝግ ነው። መብራት የለም። ስልክ የለም። ያለችኝ ይህች ክንድ የማትሞላ ኦራል ናት። ሰይዶ ባለፈው ፈቃድ መጥቶ ከዘይት ቆርቆሮ ሠራት፤ ጎማዋን ከአሮጌ በረባሶ ቆረጠላት። ቁርጥ እሱ የሚነዳትን የጦር መኪና። “ቀለሟ የአባቴ ሥራ ነው፣ ስመለስ አልቃ ላግኛት” ብሎ ሄደ። አንድ ልጃችን ነው።

ጥቅምት 6፣ ከሰዓት
የጦሩን አረንጓዴ ቀላቅዬ አገኘሁት! አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ጠብታ ቢጫ። ባለቤቴ ዘሐራ ተቆጣች። ቀይ ቀባት፣ መጫወቻ ትምሰል፣ ይሄ ጉድ ያመጣል አለች። ሠላሳ ዓመት መኪና ቀብቼ ኦራል ቀይ ልቀባ? ሳቅሁባት። እንድትደርቅ ግቢው መሀል ፀሐይ ላይ አቆምኳት።

ጥቅምት 7፣ ቀትር
ታጣቂዎቹ ቤት ሊፈትሹ ገቡ። ኦራሏ እዚያው መሀል ግቢ። አንዱ አነሳት፤ ጎልማሳ ነው፣ አነጋገሩ የጨዋ። ማን ሠራት አለኝ። እኔ፣ ለገበያ አልኩ። ወታደር ልጅ አለዎት ወይ አለ። እዚህ ቅርብ፣ ግራና ከተማ፣ ወታደር በሆነ ልጁ ምክንያት የተወሰደ ሰው አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። “ልጅ የለኝም። አላህ አልሰጠኝም” አልኩ። ዘ. በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። ሰውየው እጅዎ ይባረክ ብሎ ቀስ አድርጎ አስቀመጣት። ሄዱ።
አላህን ለምን በውሸቴ አስገባሁ?

ጥቅምት 19
ዘ. አታናግረኝም። ምግቤን ታስቀምጣለች፣ ፊቷን ታዞራለች። “ያለን ልጅ የለም ማለት ሟርት ነው” ብላ ለጎረቤት ስትነግር ሰማኋት። እኔም የምፈራው ያንኑ ነው።
ከአሮጌ ሱሪዬ ሸራ ሰፋሁላት። መስኮቷ አለቀ። የቀረው ታርጋው። እሱን አልነካም። ባለቤቱ መጥቶ መኪናውን ሳያይ ታርጋ አልጽፍም፤ የድሮ ደንቤ ነው፣ ደንበኛ ሁሉ ያውቀዋል። ሰይዶም ያውቃል።

ጥር 5
ታጣቂዎቹ ከወጡ ሰነበቱ። ዛሬ ስልክ ተለቀቀ። ሰፈሩ በሙሉ ሃሎ ሃሎ ይላል። ደወልኩለት፤ አይሠራም። ደገምኩ። አይሠራም። ለሰው ኔትዎርክ ነው እላለሁ። ላንተ ግን አልዋሽም ደብተሬ፣ ተስፋ የለኝም።

ጥር 9
የጦር ጓደኛው በክራንች መጣ። የወልድያ ልጅ ነው። ውርጌሳ አጠገብ፣ የሰይዶ መኪና ከፊቱ ነበረች። ተመታች፣ ነደደች። “ማንም ሲወርድ አላየሁም አባቴ፤ አውፍ ይበሉኝ” አለ። ልጁ ይቅርታ የሚጠይቀው ስለምንድን ነው? ቀኑን ልጠይቀው ፈለግሁ። ፈራሁ። ከጥቅምት 7፣ ልጅ የለኝም ካልኩበት ቀን በኋላ ቢሆንስ?

ጥር 10
ዘ. አናገረችኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ። ኦራሏን ከቁም ሳጥን አውርዳ ፊቴ አስቀመጠች። ሰይዶ ከመኪናው ጋር የተነሳውን ፎቶ እያየች የታርጋውን ቁጥር በቃሏ ይዛዋለች፤ አንድ በአንድ ነገረችኝ። “ጣፈው። ሥራህን ጨርስ። ባለቤቱ አይመጣም” አለች። እንባ እንኳ የላትም።
ነጩን ቀለም ከፈትኩ። ቀጭኑን ብሩሽ ነከርኩ። ቆርቆሮው ላይ ሳላሳርፈው መለስኩት።
አልጽፍም። አንዴ በአፌ የለም ብያለሁ፤ በእጄ አልደግመውም። ብሩሹን በቲነር አጠብኩ።